የደረት ስብ ዕጢና የመጀመሪያው ፊልም፦ በብርቅ ሕመሞች ዘገባ ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ብርቅ ሕመሞች የሚጻፉ የሕሙማን ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው። ሕመምተኛው ትንፋሽ አጥሮት ይመጣል፤ የደረት ራጅ ይነሣና "ሰፊ ጥላ ታየ" ይባላል፤ ከዚያም ሲቲ ስካን ይታዘዛል፤ በሲቲ ስካኑ ስብ ያዘለ ዕጢ ይገኛል፤ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል፤ የፓቶሎጂ ምርመራው ስሙን ያጸድቃል፤ ሕመምተኛውም በደኅና ይሸኛል። ሁሉም ነገር በሁለት ወይም በሦስት ገጽ ያልቃል። በአንባቢው አእምሮ የሚቀረው የዕጢው እንግዳ ስምና ከማስመሪያ ጎን ተቀምጦ የተነሣው ቢጫ ሥጋ ፎቶግራፍ ነው።

እንዲህ ያለው ዘገባ የሚናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ የሚገኘው "ከዚያም" በምትለው ቃል ውስጥ ነው። በመጀመሪያው የራጅ ፊልምና በሲቲ ስካኑ መካከል ያለፉት ወራት፣ የተሰጡት መድኃኒቶች፣ የተወጋው መርፌ፣ የተሸጠው በሬ በዚህች ቃል ተሸፍነው ያልፋሉ። በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ለሚሠራው ሐኪም፣ ጤና መኮንንና ነርስ ግን የዕለት ሥራው ያለው በዚያች ቃል ውስጥ ነው። እርሱ ከዘገባው ሊማር የሚፈልገው ዕጢው በመጨረሻ ምን ተብሎ እንደተሰየመ ብቻ ሳይሆን፣ ከመሰየሙ በፊት ምን ይባል እንደነበረና ለምን እንደዚያ እንደተባለ ጭምር ነው። ይህ ሂስ በደረት ውስጥ የሚገኙትን ብርቅ የስብ ዕጢዎች እንደ ምሳሌ በመውሰድ፣ የምስል ምርመራ ፍሬ የሚያፈራው በመሣሪያው ዘመናዊነት ብቻ ሳይሆን በመጀመሪያው ፊልም አነባበብ መሆኑን፣ ይህንንም የሚሰውር ዘገባ የማስተማር ግዴታውን ያልተወጣ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

የዕጢዎቹ ጠባይ

በደረት ውስጥ ስብ ያዘሉ ዕጢዎች ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ታይሞሊፖማ የሚባለው፣ የበሰለ ስብንና የታይመስን ሕዋሳት አቀላቅሎ የያዘ፣ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ካለው የደረት ክፍል ማለትም ከሚዲያስቲነም ፊተኛ ወገን የሚነሣ፣ ካንሰርነት የሌለው ዕጢ ነው። በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ላንገ የተባለ ጸሐፊ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1916 ነበር። ከታይመስ ከሚነሡ ዕጢዎች ሁሉ ድርሻው ከ2 እስከ 9 በመቶ እንደሚደርስ ይጠቀሳል። ከስብ በቀር ሌላ ያልያዘው ሊፖማ በሚዲያስቲነም ውስጥ ከሚገኙ ዕጢዎች 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ካንሰር የሆነው ሊፖሳርኮማ ደግሞ ከዚህም ያነሰ፣ ከ1 በመቶ በታች ነው።

ስብ ለስላሳ ነው። እንደ ሌሎች ጠንካራ ዕጢዎች የአየር ቧንቧን ቀድሞ አይጫንም፤ የደም ሥርንም አይቆርጥም፤ በአካላት መካከል ያገኘውን ክፍት ቦታ እየሞላ ይወርዳል። ታይሞሊፖማ ከታይመስ ቦታ በቀጭን አንገት ተንጠልጥሎ በልብ ግራና ቀኝ ይወርድና ድያፍራም ላይ ይተኛል። በዚህም ምክንያት ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። ብዙዎቹ ሲወጡ ከግማሽ ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ ሲሆን ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የሆኑትም ጥቂት አይደሉም። ሕመምተኛው የሚያማርረው ትንፋሽ ማጠርን፣ ሳልንና የደረት ክብደትን ነው፤ እነዚህ ምልክቶች ደግሞ በአገራችን የሌሎች ሕመሞች ንብረት ናቸው።

ከፊልሙ በፊት የሚነበበው

ለምሳሌ ያህል ከጋይንት ደጋ የሚመጣ የ30 ዓመት ገበሬ ይታሰብ። "ዳገት አልወጣ አለኝ" ብሎ በአካባቢው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች መድኃኒት ይሰጠዋል። አልሻለው ሲል ደብረ ታቦር ይላካል። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታሉ በር በእግሩ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ማለቱ ማንንም አያስደንቅም። በካርዱ ላይ "ቲቢ ይጠረጠራል" የሚል ተጽፏል። የራጅ መጠየቂያው ወረቀትም ይህንኑ ይደግማል። ፊልሙ ገና ሳይነሣ መልሱ ተጽፎ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ፊልሙ ሲወጣ የደረቱን የታችኛውን ክፍል የሸፈነ፣ የልብን ጠርዝ የዋጠ ሰፊ ጥላ ይታያል። ይህንን ጥላ በሦስት መንገድ ማንበብ የተለመደ ነው። አንደኛው "በሳንባ ሽፋን ውስጥ ውኃ ቋጥሯል" ማለት ነው። ሁለተኛው "ልቡ ሰፍቷል" ማለት ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም ጠቅልሎ "የሳንባ ነቀርሳ ነው" ማለት ነው። እነዚህን ንባቦች በስንፍና መፈረጅ ፍትሐዊ አይሆንም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ ጫና አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው አገሮች አንዷ ናት። በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የሪህ ትኩሳት የብዙ ወጣቶችን የልብ በሮች ያበላሻል። ስለዚህ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን አስቀድሞ ማሰቡ ተገቢ ነው። ሂሱ የሚያተኩረው ከዚህ በኋላ ባለው ላይ ነው። የተለመደው ሕመም ከታሰበ በኋላ፣ ፊልሙ ከዚያ ሐሳብ ጋር መስማማቱና አለመስማማቱ የሚመረመርበት ጊዜ የለም።

ለሚጠይቀው ሰው ግን ተራው የራጅ ፊልም ብዙ ይመልሳል። የስብ ጥላ ከውኃና ከሥጋ ጥላ የሳሳ ነው፤ በተለይ በጠርዙ አካባቢ የሳንባ ደም ሥሮች በጥላው ውስጥ አልፈው ይታያሉ። ጥላው ልብ ከሆነ ልቡ እንዲህ ሰፍቶ ሳለ የአንገት ደም ሥር ያልተገተረው፣ እግር ያላበጠው፣ የልብ ድምፅም ንጹሕ የሆነው ለምንድን ነው? ጥላው ውኃ ከሆነ ሕመምተኛው በጎኑ ተጋድሞ ሲነሣ ወደ ታች ፈስሶ መታየት ይኖርበታል። ታይሞሊፖማ የሰውነት አቀማመጥ ሲለወጥ ቅርጹን በመጠኑ ሊለውጥ ይችላል፤ እንደ ውኃ ግን ተዘርግቶ አይፈስም። የጎን ፊልም ከተነሣ ከደረት አጥንት በስተ ጀርባ ጥቁር መሆን የነበረበት ክፍት ቦታ ተሞልቶ ይገኛል። ቤንጃሚን ፌልሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ያስተዋወቀው የጠርዝ መጥፋት ምልክትም እዚህ ላይ ይሠራል፤ ጥላው የልብን ጠርዝ ካጠፋ ከልብ ጋር ተጠጋግቶ በፊተኛው የደረት ክፍል ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ የጎን ፊልምና የአምስት ደቂቃ ጥሞና ነው።

ከሕመምተኛው ፊትም የሚነበብ ነገር አለ። ታይሞሊፖማ ካላቸው ሰዎች ጥቂቶቹ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው ጡንቻን የሚያዝል ሕመም ይኖራቸዋል። ማታ ማታ የዓይን ቆቡ የሚወድቅ፣ ሲያላምጥ መንጋጋው የሚደክም ሕመምተኛ በደረቱ ፊልም ላይ ሰፊ ጥላ ከታየበት፣ ሁለቱ ነገሮች ዝምድና ሊኖራቸው እንደሚችል መታሰብ አለበት።

የሊቦ ከምከም ትምህርት

ብዙ የሚታየው ሕመም ጥቂት የሚታየውን መጋረዱ ለደቡብ ጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ሰዎች በረጅም ትኩሳት፣ በክሳትና በጣፊያ ማበጥ ይሞቱ ነበር። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ሕመሙ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተወሰደ። ካላ አዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ የሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ሕመሙ በአካባቢው ይገኛል ተብሎ ስላልታሰበ አልተፈለገም፤ ስላልተፈለገም አልተገኘም። ወባ ሕክምናውን ሲያምፅ ጥያቄው "መድኃኒቱ ለምን አልሠራም?" የሚል ብቻ ነበር፤ "ሕመሙ በእርግጥ ወባ ነው?" የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ መጣ።

ካላ አዛርና የደረት ስብ ዕጢ በምንም አይገናኙም። አንዱ ወረርሽኝ ነበር፤ ሌላው በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በብዙ ዓመት አንዴ የሚታይ ነው። የሁለቱ ስሕተት አካሄድ ግን አንድ ነው። በሊቦ ከምከም የተገኘው ትምህርት በወረርሽኝ ክትትል መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ታጥሮ መቅረት የለበትም፤ በራጅ ፊልም ማንበቢያው መብራት ፊትም ሊታወስ ይገባዋል።

የዓይን ድካም በዚህ አገር ብቻ የሚታይ ችግር አለመሆኑም ሊጠቀስ ይገባል። ሄንሪ ጋርላንድ የተባለው አሜሪካዊ የራዲዮሎጂ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ባቀረበው ጥናት፣ የሠለጠኑ አንባቢዎች ችግር ካለባቸው የደረት ፊልሞች ሲሶ ያህሉን ደህና ናቸው ብለው እንደሚያልፉ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ተመራማሪዎች በሳንባ ሲቲ ስካን ምስሎች ላይ የጎሬላ ሥዕል አስገብተው 24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ትንንሽ እባጮችን እንዲፈልጉ ጠየቁ። ጎሬላው ከሚፈለገው እባጭ አማካይ መጠን 48 ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር። ከ24ቱ 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲመዘገብም ብዙዎቹ ጎሬላው ባለበት ቦታ ላይ በቀጥታ ተመልክተው ነበር። ስለሆነም ነቀርሳን የሚፈልግ ዓይን ስብን አለማየቱ የዕውቀት ማነስ ብቻ ነው ሊባል አይችልም፤ የተሰጠው ጥያቄ ዓይኑን አጥሮታል።

አልትራሳውንድና መርፌ

"ውኃ ቋጥሯል" የሚለው ንባብ ወደ መርፌ ይመራል። መርፌው ደረቅ ሆኖ ሲወጣ የተለመደው ማብራሪያ "ውኃው ወፍሯል" ወይም "ቦታው ተስቷል" የሚል ነው። ሁለተኛው መርፌ ይበልጥ ጠልቆ ይገባል። ስብ ባለበት ደረት ይህ ሁለተኛ መርፌ ሳንባን ሊበሳና አየር ሊያስገባ፣ በግራ በኩል ከሆነም ወደ ልብ ሊጠጋ ይችላል። ደረቅ መርፌ ራሱ አንድ የምርመራ ውጤት ነው፤ ጥላው ውኃ ላይሆን እንደሚችል ይናገራል። በብዙ ዘገባዎች ውስጥ ግን ከነጭራሹ አይጠቀስም።

አልትራሳውንድ ከመርፌው መቅደም አለበት። ውኃ በአልትራሳውንድ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ስብ ግን ነጣ ያለ፣ ፍርክስክስ ያለ ገጽ አለው። በደረት አጥንት ጫፍ ሥር መሣሪያውን አስቀምጦ የልብን ክፍሎች መመልከት "ልቡ ሰፍቷል" የሚለውን ንባብ ለመፈተን ያስችላል፤ በፊልሙ ላይ ሰፍቶ የታየው ልብ በአልትራሳውንድ መጠነኛ ሆኖ ከተገኘ፣ የሰፋው ሌላ ነገር ነው። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቆየ የነቀርሳ ውኃ ወይም መግል ክሮችና ነጠብጣቦች ስለሚኖሩት ጠንካራ ነገር ሊመስል ይችላል። በልብ ዙሪያ ያለ ስብም በልብ ከረጢት ውስጥ ውኃ ያለ ሊያስመስል ይችላል። ነገር ግን አልትራሳውንዱ እርግጠኛ መልስ ባይሰጥ እንኳ፣ መርፌውን ለማቆየትና ሕመምተኛውን በትክክለኛ ጥያቄ ወደ ላይ ለመላክ በቂ ምክንያት ይሰጣል።

ቁጥሩ የሚለውና የማይለው

ሲቲ ስካን በዚህ ሕመም ላይ ያለው ኃይል ከቁጥር ይመነጫል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው መሣሪያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 በለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ የአንዲትን ሕመምተኛ አንጎል አነሣ። በስሙ በተጠራው መለኪያ ውኃ ዜሮ፣ አየር ከዜሮ በታች 1,000 ናቸው። ሥጋ ከዜሮ በላይ 30 እስከ 60 አካባቢ ሲሆን፣ ስብ ከዜሮ በታች ከ50 እስከ 150 ባለው መካከል ይወድቃል። የመሣሪያውን የሒሳብ መሠረት ቀድሞ ያቀረበው አለን ኮርማክ በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ የተወለደ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል። እንግዲህ ውኃና ስብ በራጅ ፊልም ላይ የሚያከራክሩ ቢሆንም በዚህ መለኪያ ላይ አይሳሳቱም። ስለሆነም የስብ ዕጢ ዘገባ ሆኖ የተለካውን ቁጥር የማይጠቅስ፣ የተለካበትንም ቦታ የማያሳይ ጽሑፍ ዋናውን ማስረጃ አስቀርቷል። የሚለካውም በዕጢው መካከል፣ ከጠርዝና ከክሮች ርቆ፣ መድኃኒት ከመወጋቱ በፊት በተነሣው ምስል ላይ ቢሆን ይመረጣል። ጠርዝ ላይ የተለካ ቁጥር የሁለት ነገሮች ቅልቅል ስለሚሆን ያሳስታል።

ስቡ ከተረጋገጠ በኋላ ሁለተኛው ስሕተት ይጀምራል። ይኸውም "ስብ ስለሆነ አያሰጋም" የሚለው ነው። በደረት ውስጥ ስብ የሚያሳዩ ነገሮች ብዙ ናቸው። ሊፖማ ወጥና ቀጭን ሽፋን ያለው ነው። ታይሞሊፖማ በስቡ ውስጥ የሥጋ ክሮች የተበተኑበት፣ ወደ ታይመስ ቦታ የሚያያዝ አንገት ያለው ነው። ቴራቶማ ስብን ከውኃ፣ ከአጥንት፣ አንዳንዴም ከጥርስ ጋር አቀላቅሎ ይይዛል። በድያፍራም ፊተኛ ክፍተት በኩል፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ፣ የሆድ ሞራ ወደ ደረት የሚወጣበት የሞርጋኚ ሄርኒያ የስብ ዕጢ መስሎ ይታያል፤ የሞራው ደም ሥሮች ከሆድ ተነሥተው ወደ ላይ ሲያልፉ መከታተል ልዩነቱን ይገልጣል። ፕሬድኒሶሎንና መሰል መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሽፋን የሌለው ስብ በደረቱ መካከል ሊከማችበት ይችላል፤ ይህም ዕጢ አይደለም። በሳንባው ውስጥ የሚገኘው ሃማርቶማም ስብ ሊይዝ ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል የሚያስፈራው ሊፖሳርኮማ ነው። ወፍራም ግድግዳዎች፣ በስቡ ውስጥ የተቀመጡ የሥጋ እባጮች፣ ወደ ጎረቤት አካል የገባ ጠርዝ ጥርጣሬን ያጠናክራሉ። በክንድና በእግር ላይ ላሉ የስብ ዕጢዎች ከ10 ሴንቲ ሜትር መብለጥ እንደ አስጊ ምልክት ይቆጠራል። ይህ መመዘኛ ግን ወደ ደረት እንዳለ ሊሸጋገር አይገባም፤ ካንሰርነት የሌለው ታይሞሊፖማ ከዚያ እጥፍ ሊደርስ ይችላልና። በመርፌ የተወሰደ ትንሽ ናሙናም ክርክሩን አይዘጋም። "የበሰለ ስብ" የሚል የፓቶሎጂ መልስ ለሊፖማም፣ ለታይሞሊፖማም፣ ለሆድ ሞራም፣ በደንብ ለመሰለ ሊፖሳርኮማም ሊሰጥ ይችላል። ልዩነቱን የሚያጠነክረው ኤምዲኤም2 የተባለውን ጂን መብዛት የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ምስሉ የሚለውን ማለት፣ የማይለውንም አለማለት የዘገባው ጸሐፊ ግዴታ ነው። "በሲቲ ስካን ታይሞሊፖማ መሆኑ ተረጋገጠ" የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሚገባው በላይ ይናገራል፤ የሚረጋገጠው ዕጢው በሙሉ ወጥቶ ሲመረመር ነው።

አንድ ሌላ አደጋም አለ። ትልቅ የፊተኛ ደረት ዕጢ ያለበት ሰው በጀርባው ሲተኛ ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል። በሲቲ ስካን አልጋ ላይ የማስተኛቱ ጉዳይ፣ ከዚያም የማደንዘዣው ጉዳይ አስቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል። ሕመምተኛው ሌሊት ተቀምጦ የሚያድር መሆኑን መጠየቅና በሪፈር ወረቀቱ ላይ መጻፍ ከማንኛውም ምስል በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ዘገባው የሚያስቀረው

ወደ ዘገባዎቹ ቅርጽ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ኬር የተባለው የሕሙማን ዘገባ መመሪያ ጸሐፊዎች የክስተቶችን የጊዜ ቅደም ተከተልና የሕመምተኛውን የራሱን አስተያየት እንዲያካትቱ ይጠይቃል። ሁለቱም ምክሮች ብዙ ጊዜ በስም ብቻ ይፈጸማሉ። የጊዜው ሰንጠረዥ ሕመምተኛው ከፍተኛ ሆስፒታል ከደረሰበት ቀን ይጀምራል፤ የሕመምተኛው አስተያየትም "በሕክምናው ደስ ብሎታል" በሚል አንድ መሥመር ያልቃል።

ለደጋው ሐኪም የሚጠቅመው ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። የመጀመሪያው ፊልም መቼ ተነሣ? ምን ተብሎ ተነበበ? የጎን ፊልም ተነሥቶ ነበር ወይ? የነቀርሳ መድኃኒት ያለ ላቦራቶሪ ማረጋገጫ ተጀምሮ ከነበረ ስንት ወር ተወሰደ? አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ጉበትን፣ ኢታምቡቶል የዓይንን ነርቭ ሊጎዱ የሚችሉ መድኃኒቶች ናቸው። ነቀርሳ ላለበት ሰው ይህ አደጋ ከጥቅሙ ጋር ሲመዘን አነስተኛ ነው፤ ስብ ላለበት ሰው ግን የሚመዘንበት ጥቅም የለም። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል የተከሰተው የትጥቅ ግጭትም መንገዶችን በየጊዜው ሲዘጋ ቆይቷል። በዚህ ሁኔታ በደካማ ጥያቄ የተላከ ሕመምተኛ ምላሽ ሳያገኝ ቢመለስ ዳግመኛ የመሄድ አቅም ላይኖረው ይችላል። ይህ ወጪ በዘገባው ውስጥ ካልተጻፈ፣ የመጀመሪያው ንባብ ዋጋ አይታወቅም።

ጥፋቱን በጀማሪው ሐኪም ላይ ብቻ መጫንም ሌላ ግፍ ይሆናል። ሐኪሙ በሌሊት ተረኛነት፣ በብዙ ሕመምተኛ መካከል ቆሞ ፊልሙን በመስኮት ብርሃን ያነብባል። ሕመምተኛው ወደ ላይ ከተላከ በኋላ ፊልሙ በእጁ ይሄዳል፤ የመጨረሻው መልስ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር ወደ ላከው ሐኪም አይመለስም። ስሕተቱን ያልሰማ ሰው ስሕተቱን ሊያርም አይችልም። ከፍተኛው ሆስፒታል ብርቁን ዕጢ አግኝቶ ሲጽፍ፣ የላከው ሐኪም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሊሆን፣ ቢያንስ የመጀመሪያው ፊልም ከነንባቡ በጽሑፉ ሊወጣ ይገባል። ይህም የሚሆነው ማንንም ለማሳፈር ሳይሆን፣ ነገ ተመሳሳይ ፊልም የሚይዘው ሌላ ሰው እንዲማርበት ነው።

ተቃራኒው ሐሳብ

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። "ነቀርሳ በሚገድልበት አገር፣ አንድ ሐኪም በሥራ ዘመኑ አንዴ እንኳ ላያየው ስለሚችል ዕጢ መጨነቅ ቅንጦት አይደለምን? እያንዳንዱ ጥላ ብርቅ ሕመም ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ሐኪም ነቀርሳውን አዘግይቶ ሰው ይገድላል" የሚል ነው። ተቃውሞው ትክክለኛ ፍርሃት አለው። የነቀርሳ ሕክምናን ማዘግየት ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ለስብ ዕጢ ሲል መድኃኒቱን እንዲያቆይ አይመከርም።

መልሱ ያለው በጊዜው አከፋፈል ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተለመደውን ማሰብ ትክክል ነው። ነገር ግን አክታው ነቀርሳ ካላሳየ፣ መርፌው ደረቅ ከሆነ፣ ሁለት ወር መድኃኒት ተወስዶ ጥላው በምንም ካልቀነሰ፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ፊልም ከመሳቢያ ወጥቶ ከአዲሱ ጎን ሊሰቀልና እንደ አዲስ ሊነበብ ይገባል። በተቻለ መጠን አንባቢው ሌላ ሰው፣ ካርዱን ያላየ ሰው ቢሆን ይሻላል። ይህ አሠራር ታይሞሊፖማን ለማግኘት ብቻ የተበጀ አይደለም፤ የሊምፍ ካንሰርን፣ የሳንባ ካንሰርን፣ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳን፣ የልብ ከረጢት ውኃንም ያስገኛል። የብርቁ ሕመም ዘገባ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ያንን ዕጢ ዳግመኛ ላያየው ይችላል፤ ያልተስማማ ፊልም ግን በየሳምንቱ ያያል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በኋላ ከደብረ ታቦር፣ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር ወይም ከሌላ ማዕዘን ስለ ደረት ስብ ዕጢ የሚጻፍ ዘገባ ቢኖር፣ ከዕጢው ፎቶግራፍ በፊት የመጀመሪያውን የራጅ ፊልም፣ የተነሣበትን ቀን፣ በጊዜው የተሰጠውን ንባብና እስከ ሲቲ ስካኑ ያለፉትን ወራት ቢያቀርብ፣ የተለካውን ቁጥር ከነቦታው ቢያሳይ፣ ምስሉ የማይመልሰውን ጥያቄ በግልጽ ቢናገር፣ ለጤና ባለሙያው እውነተኛ መማሪያ ይሆናል። ሕመሙን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ሁሉ፣ ስሕተቱን የሸሸገ ዘገባም የሚያድነው ሰው አይኖርም። የጋይንቱ ገበሬ ዳገቱን እንደገና ለመውጣት የሚያበቃው የተራቀቀ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ፊልሙን የያዘው ሰው "ይህ ከነገረኝ ጋር ይስማማል ወይ?" ብሎ መጠየቁ ነው።